የጀሪፉ ቀዝቃዛ ውሃ

ሐጅ ኦመር ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ ሞተው የተገኙት አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እግራቸው ሥር ባዶ የውሃ ጆግ ወድቋል። ምራታቸው ፋሪሃ በሩ ላይ ቆማ «ገደለቻቸው! ሐበሺያዋ ገደለቻቸው!» እያለች ትጮሃለች። የቤት ሠራተኛዋ ሉጥፊያ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች።

እኔ የተገኘሁት ለማስተርጎም ነው። ብርቅነሽ እባላለሁ፤ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። የዕድሜዬን ግማሽ ካርቱም ስለጨረስኩ፣ ፖሊስ የሐበሻ ጉዳይ ሲገጥመው እኔን ይጠራል። ክፍያ የለውም። ግን ከሻ በሚሉት አፈሳ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው ከየመንገዱ ሲጭኑ፣ እኔ ቤት ያሉትን ልጆች አይነኩብኝም።

መርማሪው ጂብሪል ይባላል። ማዕረጉ ናቂብ፣ ሻምበል እንደማለት ነው፤ እኛ ግን እንደ አገሬው «ጀናቡ» እንለዋለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨጓራ የሚያሰቃየው ሰው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የሐጁን ክፍል ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ላቡን ጠረገ፣ ከዚያ ጥግ ላይ የቆመችውን ነጭ ፍሪጅ ከፈተ። መብራቷ በራ። አንድ ጠርሙስ ውሃ አወጣ፤ ጠርሙሱ አልቦታል። ቆሞ እስከ ግማሹ ጠጣው። መርማሪ የሟች ውሃ ይጠጣል ወይ አትበሉኝ፤ የካርቱም ሙቀት ሕግ አያውቅም።

«ጥርስ ይነክሳል» አለ እያጋሳ። «አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ ቤት ቢያንስ አንድ ነገር ይሠራል።»

ከውሃው አጠገብ የነበሩትን የኢንሱሊን ብልቃጦች በከረጢት ሰብስቦ ለምርመራ ላከ። ክፍሉን ዘግቶ አሸገ። ሉጥፊያን መኪናው ላይ ጫኗት።

ሐኪሙ ብዙ አልተቸገረም። ሐጁ የስኳር በሽተኛ ነበሩ፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር መጠን አልፏል። «እኚህ ሰው መድኃኒት ካገኙ ሰንብተዋል» አለ።

*

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ሉጥፊያ ከፊታችን ተቀመጠች። ከወሎ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ዐረብኛዋ ከኩሽና አያልፍም።

«መርፌውን ማን ነበር የሚወጋቸው?» አለ ጂብሪል። ተረጎምኩ።

«እኔ። ጠዋትና ማታ። ወላሂ አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

«ታዲያ መድኃኒቱ የት ገባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወጋኋቸው።»

«ጎረቤት በየቀኑ ሱብሂ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በፎጣ የተሸፈነ ዘንቢል ይዛ ትወጣለች፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ ትመለሳለች ብሏል። የት ነው የምትሄጂው?»

እጆቿን ሻርቧ ውስጥ ከተተች። «መስጂድ።»

«ዘንቢል ይዘሽ?»

ጂብሪል አንድ ወታደር ወደ ሰፈሩ መስጂድ ላከ። ዘበኛው እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም አለ። ውሸቷ ከሰዓት በፊት ተያዘ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለኝ ጂብሪል ኮሪደሩ ላይ። «ኢንሱሊን በከተማው ጠፍቷል። ልጅቷ መድኃኒቱን በዘንቢል እያወጣች ሱቅ ዐረቢ ገበያ ትሸጣለች፤ ሐጁን ውሃ ትወጋለች። ይሄ ከተረጋገጠ ሆን ብሎ መግደል ነው። ገመድ ነው፣ ብርቅነሽ።»

ተመልሼ ገባሁና፣ እሱ ሳይሰማ፣ እጇን ይዤ በአማርኛ ጠየቅኳት።

«ልጄ፣ ይሰቅሉሻል። የት ነበር የምትሄጂው?»

«እትዬ፣ አባ ኦመር እኔን ልጄ ነበር የሚሉኝ። መድኃኒታቸውን እሸጣለሁ ብለው ያምናሉ?»

«እኔ ባምን ባላምን ምን ይረባሻል? ንገሪኝና ላድንሽ።»

«አይሆንም» አለች። ዓይኗ ሲሸሽ አየሁት። ያኔ በእውነት ፈራሁ። ንጹሕ ሰው ለምን ይደብቃል?

*

የሐጁ አንድያ ልጅ፣ የፋሪሃ ባል ሙባረክ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ የቤት ዕቃ ይሸጣል። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ካውያ፣ ቬንትሌተር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ስንደርስ አንድ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ ቬንትሌተር ታቅፈው ይለምኑታል።

«ውስጡ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ናት የተሰበረችው። እሷን ብቻ ስጠኝ፣ ልጄ።»

«ለብቻዋ አትመጣም፣ ሐጅ። አዲስ ይውሰዱ።»

«ይሄም እኮ አዲስ ነው!»

«አምና ነው የገዙት።»

ሽማግሌው እንደታቀፉት ወጡ። ሙባረክ ወንበር ሳበልን።

«አባትህ ሲሞቱ የት ነበርክ?» አለ ጂብሪል።

«ፖርት ሱዳን። ዕቃ ከወደብ ሳወጣ። የጉምሩክ ሰዎችን ጠይቅ፣ ያደርኩበትን ሆቴል ጠይቅ።»

«ቤቱ እንዲሸጥ ትፈልግ ነበር፤ አባትህ እምቢ ብለዋል።»

«ወንዝ ዳር ያለ ቤት ማን መሸጥ የማይፈልግ አለ? ግን አባቴ ነው!» ዓይኑ ቀላ። «እዚያ ክፍል ያለውን ሁሉ ያሟላሁለት እኔ ነኝ። የድሮ ፍሪጁ እናቴን ሲያገባ የገዛው ነበር። ለማውጣት አራት ሰው ነው የተሸከመው። ይሠራል፣ አዎ፤ ግን ዝጓል፣ እንግዳ ፊት ያሳፍራል። አዲስ አስገባሁለት። ደጁ ላይ የነበረውን ዚርም አብሬ አስጣልኩት።»

ዚር ለማያውቅ፣ ጋን የሚያህል የውሃ ሸክላ ነው። ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ውሃውን ያቀዘቅዛል። ካርቱም ውስጥ መንገደኛ እንዲጠጣ በየደጁ ይቆማል።

«አባቴ አርጅቶ ነበር፣ ጀናቡ» ሲል ቀጠለ ሙባረክ። «አትባራ የባቡር ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ጭንቅላቱ እንደ ምላጭ የነበረ ሰው፣ ባለፉት ሳምንታት ዚሬን መልስልኝ እያለ ያለቅስብኝ ጀመር። ፖርት ሱዳን ድረስ እየደወለ። አጠገቡ ፍሪጅ አለ፣ እሱ ዚር ይላል! ሳቅኩበት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩበት።»

ጂብሪል ሱቁን ቃኘ። «እነዚህ ስንት ዓመት ይቆያሉ?»

«ዋስትናቸው አንድ ዓመት ነው።»

«ዋስትናውን አልጠየቅኩህም።»

«እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «አንድ ጊዜ የተሸጠ ዕቃ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ቢሠራ፣ ነገ እዚህ በር ላይ ማን ይመጣልኛል?»

ሲናገረው ምንም አላፈረም። እንደ አየር ሁኔታ ነው የነገረን። ፖርት ሱዳን ተደወለ፤ ሙባረክ እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ሐጁ በሞቱ ጊዜ እዚያው ነበር።

*

የብልቃጦቹ ውጤት ሲመጣ ጂብሪል ምሳውን ሊበላ እኔ ቤት ተቀምጧል። ፉሉን ሳይነካ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ።

«ውሃ አይደለም» አለ። «እውነተኛ ኢንሱሊን ነው። ግን ተበላሽቷል፣ ውሃ ብትወጊው ይሻላል። ሙቀት ነው ይላሉ።»

«ሙቀት ከሆነ እሷ ምን ታድርግ?»

«የምን ሙቀት? ከዚያ ፍሪጅ በእጄ አውጥቼ ጠጥቻለሁ እኮ! በረዶ ነበር። አየሽ፣ ከአሰብኩት የባሰ ነው። ደህናውን ሸጣ፣ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ርካሽ ገዝታ ተካችበት። አውቃ ነው ያደረገችው።»

ሽንኩርት የምትልጠው ኒዕማ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ኒዕማም የወሎ ልጅ ናት፤ ሥራ ካጣች ጀምሮ ለምግቧ ታግዘኛለች። ለፍላፊ ናት፤ ፖሊስ ሲመጣ ግን ድምጿ አይሰማም ነበር።

«ስለ ሐጅ ኦመር ቤት ነው የምታወሩት?» አለችኝ በአማርኛ። «ሉጥፊያ የተካችው እኮ እኔን ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ፋሪሃ እጅ ነው። ወረቀት ሳይኖረኝ ፖሊስ ፊት አፌን ልክፈት?»

«ንገሪን። ጀናቡ አይነካሽም።»

ኒዕማ ሻርቧን አስተካከለች። «የልብስ ማጠቢያው ቆመብኝ። እኔ አልነካሁትም፣ እየዞረ ሳለ ነው የቆመ። ፋሪሃ ‹እጅሽ ሰባሪ ነው› ብላ በዚያው ቀን አወጣችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው በካውያ ነው የተባረረች። ከእሷ በፊት የነበረችው በጁስ መፍጫ። እዚያ ቤት ዕቃ በሞተ ቁጥር አንድ ልጅ ትወጣለች። ባለ ካውያዋ ልጅ በወጣች በሳምንቷ በከሻ ተይዛ መተማ ላይ ጣሏት። ከዚያ ወዲያ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።»

ተረጎምኩ። ጂብሪል ትከሻውን ነቀነቀ፤ የሴቶች ጣጣ መስሎታል።

«እኔ ስወጣ» አለች ኒዕማ፣ «ሉጥፊያን በሩ ላይ አገኘኋት። እኛ እንደዚያ ነን፤ የምትወጣው ለምትገባው የቤቱን ጠባይ ትነግራለች። ጨው ስንት፣ እመቤቲቱ በምን ትቆጣለች፣ እንዲህ እንዲህ። እኔም ነገርኳት። እዚህ ቤት ዕቃ ከሞተብሽ ደብቂ አልኳት። እስክትችይ ድረስ ደብቂ።»

ይሄንን ስተረጉም ጂብሪል ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

«ያላ» አለኝ። «ጀሪፍ እንሂድ።»

*

ማኅተሙን ቀድዶ ክፍሉን ከፈተ። ያ ሁሉ ቀን ተዘግቶ የከረመ ክፍል ሙቀቱ ፊት ይመታል። ፍሪጇ እንደነበረች ቆማለች፤ ገመዷ ሶኬት ላይ ነው፣ ኋላዋ በቀስታ እምም ይላል።

ጂብሪል ከፈታት። መብራቷ በራ።

ከውስጥ የወጣው አየር ከክፍሉ ይብስ ነበር። ግማሹን የጠጣው ጠርሙስ እዚያው ተቀምጧል። ያዝኩት፤ ለመታጠቢያ እንኳ ይሞቃል። ጂብሪል የላይኛውን ትንሽ በር ሲከፍተው የጆንያ ቁራጭና ትንሽ ሰጋቱራ ወጣ፤ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ በረዶ የሚሸጡት ሰዎች ብሎኩ እንዳይቀልጥ የሚጠቀልሉበት።

«መብራቷ ይሠራል፣ ድምፅ አላት፣ ሞታለች» አለ። «ሞተሯ ሞቷል። ልጅቷ በየጠዋቱ በረዶ እየገዛች ትሞላታለች። እኔ በመጣሁ ጊዜ ያ ቀን ያመጣችው ገና አልቀለጠም ነበር።»

«ከሰዓት በኋላስ?»

«ከዐስር ሶላት በኋላ ምድጃ ነው። በየቀኑ። መድኃኒቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተቀቀለ።»

ፍሪጇን ከግድግዳው ስቦ ኋላዋን አየ። የዋስትናዋ ቀን በተለጣፊ ተጽፏል፤ ካለቀ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። ሟቹ የተቀመጡበት አልጋ ላይ ቁጭ አለ።

«ብርቅነሽ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ዕድሜውን ሁሉ ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ሰው፣ ሦስት እርምጃ ላይ ያለ ሞተር ድምፁ ሲለወጥ አይሰማም?»

ያኔ ገባኝ። ሱዳናዊ ፍሪጅ ሳይኖረው ኢንሱሊኑን የት እንደሚያስቀምጥ ሳጃና ያለ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ዚር ውስጥ ነው፣ የሸክላው ቅዝቃዜ ይጠብቀዋል።

«ሰምተዋል» አልኩ። «ለዚህ ነው ዚሬን መልሱልኝ ያሉት።»

«ታዲያ ለምን ፍሪጁ ተበላሽቷል አላለም? አንድ ቃል እኮ ነው!»

«ቢሉማ ልጅቷ በዚያው ቀን ተባርራ በር ላይ ነበረች።»

ጂብሪል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ወደ ግቢው ወጣሁ። ፋሪሃ መስኮት ላይ ሆና ታየኛለች።

*

ሉጥፊያ «በረዶ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ። ሸክም ያወረደች ነው የመሰለችው።

«አንድ ቀን ጠዋት ስከፍታት አትቀዘቅዝም» አለች። «አልሰበርኳትም፣ እትዬ፣ በአላህ። መብራቷ ስለሚበራ ማንም አያውቅም አልኩ። በረዶ ካስገባሁ መድኃኒቱ ይድናል መሰለኝ፤ ጠዋት ስወጋቸው ብልቃጡ ቀዝቃዛ ነው። ቀለሙም አልተለወጠም። ምን ላውቅ?»

«ሐጁ ምን አሉሽ?»

«አንድ ቀን እጃቸውን ፍሪጇ ጎን ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ አዩኝ። የሚያጋልጡኝ መስሎኝ ልለምናቸው ስል፣ ‹አብሽሪ፣ ሙባረክ ዚር ያመጣል› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ውሃ ውሃ ማለት አበዙ። ሙቀቱ ነው አልኩ። ፋሪሃም ሙቀቱ ነው አለች።»

«ስትያዢ ለምን አልተናገርሽም?»

«መጀመሪያ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ቆይቶ ሐኪሙ መድኃኒት አላገኙም ማለቱን ስሰማ ነገሩ ተገለጠልኝ። በረዶዬ እንደገደላቸው ገባኝ። ከዚያ አፌ እምቢ አለኝ።»

ጂብሪል ሁሉንም ጻፈ። እኔ ክርኑን ያዝኩት።

«ዝም ብለህ በበሽታ ሞቱ ብለህ ዝጋው። ማን ይጠይቅሃል?»

«ፋሪሃ ትጠይቃለች። ብልቃጦቹ ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ይሄን ካልጻፍኩ አውቃ የመረዘችው ሆኖ ይቀራል፤ ገመድ ነው። ከጻፍኩት በቸልታ ነፍስ ማጥፋት ነው፤ የደም ካሳ ነው፣ እስክትከፍል እስር ቤት።»

«ከምን ትከፍላለች?»

«አትከፍልም።»

«ፍሪጇን የሠራውስ? የሸጠውስ?»

«የማይቆይ ዕቃ መሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ካለ አሳዪኝ፣ ዛሬውኑ አስረዋለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «አንድ በር አለ። ወራሹ ዐፍው ካለ፣ ይቅር ካላት፣ ትፈታለች። ወራሹ ሙባረክ ብቻ ነው።»

*

ለቅሶው ላይ ሄድን። በፕላስቲክ ወንበሮች መሃል ሙባረክን ነጥሎ፣ ጂብሪል ሁሉንም ነገረው። የፍሪጇን ሞተር፣ በረዶውን፣ አባቱ ለምን ዚር እንደለመኑ። ሳያቆም ነገረው። ሙባረክ መሬት መሬት እያየ ሰማ።

«ዐፍው በላት» አለ ጂብሪል በመጨረሻ። «አባትህ ይወዳት ነበር። ሊያስጥላት ብሎ ነው ዝም ያለው። አንድ ቃል ነው።»

እኔም ተንበርክኬ ለመንኩት። አላፈርኩም። «የእናት ልጅ ናት» አልኩት። «ለአባትህ ብለህ።»

ክንዴን ይዞ «ተነሺ» አለኝ። ልቡ የራራ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ዐፍው ካልኩ» አለ ሙባረክ፣ «አልገደለችም ማለት ነው?»

«ይቅር ተባለች ማለት ነው።»

«ሰው እንደዚያ አይሰማውም። ጥፋቷ አይደለም ማለት ነው።» ቀና ብሎ አየን፤ ዓይኑ በእንባ ሞልቷል። «እሷ ካልገደለችው ማን ገደለው? ንገሩኝ። ማን ልትሉኝ ነው?»

ጂብሪል አልመለሰለትም። እኔም አልመለስኩለትም። ሁለታችንም ዝም ስንል መልሱን ሰማ።

«አልምርም» አለ፤ ተነስቶ ወደ ለቀስተኞቹ ሄደ።

ልንወጣ ስንል ፋሪሃ በሩ ላይ ደረሰችብኝ። በተከናነበችው ቶብ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠንቃቃ የሆነች፣ እጇ የማይሰብር ልጅ ካለችኝ ጠየቀችኝ። ቤቱ በለቅሶ እንግዳ ተጨናንቋል አለች። ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም።

*

ሉጥፊያን ኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ሄጄ አየኋት። ጂብሪል እኔ ልንገራት ብሎ ነበር፤ በአማርኛ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ከለከልኩት። የተሻለ ነገር የለውም፤ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ሽቦው ላይ ተጠግታ ፊቴን አየችና ከመናገሬ በፊት አወቀች።

«እምቢ አሉ?»

«እምቢ አለ። ግን ገና ሰው እንልካለን። ሽማግሌ እንልካለን፣ ኢንሻአላህ።»

«አይልፉ፣ እትዬ» አለች። «እውነታቸውን ነው። ያኔ ብነግራቸው ኖሮ አባ ኦመር ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»

«ብትነግሪያቸው ኖሮ ያባርሩሽ ነበር! ከሻ ይወስድሽ ነበር፣ እንደዚያች ልጅ መተማ ላይ ይጥሉሽ ነበር።»

«አዎ» አለች። «እኔ ተባርሬ፣ እሳቸው ይኖሩ ነበር።»

የለም፣ አንቺ አይደለሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ማን ነው ብላ ብትጠይቀኝስ? አፌን መልሼ ዘጋሁ። የያዝኩላትን ዳቦና ሳሙና በሽቦው ሥር አሳለፍኩላትና እስኪያስወጡኝ ድረስ አጠገቧ ቆሜ አለቀስኩ።